አንድ ጉርሻ ያጣላል

በእኛ ወግ እንግዳን አንድ ጊዜ ብቻ አጉርሶ እጅን መሰብሰብ ነውር ነው፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላልና ሁለተኛውን፣ ሲሆንም ሦስተኛውን ማስከተል ግድ ይላል። ይህን ወግ ግን ከአሜሪካ ሕዝብ በላይ አክብሮ የያዘ አላየሁም፤ በተለይም ተጎራሹ የመብራት አከፋፋይ ኩባንያ በሚሆንበት ጊዜ።

እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የመሠረተ ልማት ሕግ መብራት በአውሎ ነፋስ፣ በበረዶና በሰደድ እሳት ምክንያት እንዳይጠፋ 10.5 ቢሊዮን ዶላር መድቦ ማዕዱን ዘረጋ። የኢነርጂ መሥሪያ ቤቱም በኦክቶበር 2023 ከዚሁ ላይ 3.46 ቢሊዮን ያህሉን ቆርሶ በ44 ግዛቶች ለሚገኙ 58 ፕሮጀክቶች አደለ። በገንዘቡ ያረጀ ምሰሶ ይቀየርበታል፣ ሽቦ ከመሬት በታች ይቀበርበታል፣ መስመር ላይ የተንተራሰ ቅርንጫፍ ይቆረጥበታል። አንዳንድ ምቀኛ «ቅርንጫፍ መቁረጡማ በየወሩ የምንከፍልበት የዘወትር ሥራው አልነበረምን?» ይል ይሆናል። እንዲህ ያለው ሰው የጉርሻን ምስጢር አልተረዳም፤ ጉርሻ እኮ የሚሰጠው እጅ ለሌለው ሰው አይደለም።

ከሁሉ የሚደነቀው የሕግ አርቃቂዎቹ ልኬት ነው። ለአንድ ኩባንያ በቀጥታ የሚሰጠው ድጎማ፣ ኩባንያው ባለፉት ሦስት ዓመታት ለዚሁ ጥንቃቄ ካወጣው ገንዘብ እንዳይበልጥ ተደንግጓል፤ ስለዚህ ጉርሻው የሚጠቀለለው በተራበው ልክ ሳይሆን ከዚህ በፊት ራሱ በጎረሰው ልክ ነው። (ለትንንሾቹ አከፋፋዮች 30 በመቶው ተለይቶ መቀመጡን ሳልጠቅስ ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል።) ትልቁ ኩባንያ የተሰጠውን ያህል ከራሱ ኪስ ማዋጣት አለበት። በድጎማ የተሸፈነውን ወጪ ዳግም ከደንበኛ መሰብሰብ በሕጉ ተከልክሏል፤ የራሱን መዋጮ ግን ተቆጣጣሪዎች እስከፈቀዱለት ድረስ በታሪፍ ላይ ጭኖ፣ የባለአክሲዮኖቹን ትርፍ አክሎ፣ ከዚያው ደንበኛ ያስመልሰዋል። እንግዲህ ሕዝቡ በቀኙ በግብር፣ በግራው በወር ሒሳብ ያጎርሳል ማለት ነው። በግራ እጅ ማጉረስ እንደማያምር አውቃለሁ፤ ነገር ግን ቀኙ ተይዟል።

ቴክሳስማ የፌዴራሉን ማዕድ እስኪዘረጋ እንኳ አልጠበቀችም። በፌብሩዋሪ 2021 ብርዱ ግዛቲቱን ካጨለማት በኋላ፣ አከፋፋዮች ተንቀሳቃሽ ጄኔሬተር ተከራይተው ወጪውን በደንበኛ ሒሳብ ላይ እንዲያስቡ ተፈቀደላቸው፤ የሂውስተኑ ሴንተርፖይንትም በ800 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተከራየ። በጁላይ 2024 ቤሪል የተባለው አውሎ ነፋስ ከ2.2 ሚሊዮን በላይ ደንበኞቹን ጨለማ ውስጥ ሲጥል ግን፣ ትልልቆቹ ጄኔሬተሮች ተጓጉዘው እስኪተከሉ ቀናት የሚፈጁ ነበሩና ከቆሙበት ሳይነቃነቁ በክብር ሰነበቱ። ተንቀሳቃሽ መባላቸው ለማዕረግ ያህል ነው።

መብራት የጠፋባቸውን ሰፈሮች የሚያሳየው የኩባንያው ካርታም በዚያው ዓመት ሜይ ከተማውን ከመታው የነፋስ ማዕበል ወዲህ ከድረ ገጹ ተነሥቶ ነበር። ስለዚህ ነዋሪው ዋታበርገር ወደተባለው በርገር ቤት የስልክ መተግበሪያ፣ ቅርንጫፎቹን ወደሚያሳየው ካርታ ዞረ፤ የበርገር ቤቱ ቅርንጫፍ ክፍት ከሆነ ሰፈሩ መብራት አለው፣ ከተዘጋ ጨለማ ነው እያለ ከተማውን ያጠና ጀመር። እንጀራውንና ቅቤውን በማቀዝቀዣ ያከማቸ የሂውስተን ሐበሻም የሚያስቀምጥበት ዘመድ ቤት ፍለጋ የሚነዳበትን አቅጣጫ ከዚያው የበርገር ካርታ ሊያነብ ይችል ነበር። የበርገር ሻጩ ግን በኤሌክትሪክ አከፋፋይነት አልተመዘገበምና ለጉርሻው አይበቃም።