ሴንሰሯ የምትይዘው 4 ሚሊ ሜትር ነው እንጂ 4 ሜትር አይደለም!

ከጋሼ ግቢ አሁን መግባቴ ነው። ጫማዬን እንኳ አላወለቅኩም። ልተንፍስ።

ያቺ የጋሼ መኪና ሲመጣ በራሷ እንድትከፈት የምሠራት የግቢ በር ትዝ ትላችኋለች አይደል? አዎ፣ እሷው። "ሰው ሲያልፍ እንዳትከፈት፣ በግ ሲያልፍ እንዳትከፈት፣ ብረት ብቻ ትለይ፣ ከ2 ሜትር ላይ" የተባልኩባት። ባለፈው በአልትራሳውንድ፣ ማለትም ድምፅ ልኮ በሚለይ ሴንሰር ሞክሬ የጎረቤት በግ አስከፍቶ ገባና ጽጌረዳውን ግጦ ወጣ። ለዚያ ሴንሰር ድምፁ ነጥሮ ይመለስለት እንጂ በግም ቶዮታም አንድ ነው። የጽጌረዳው ወሬ እስከ ዛሬ ቡና በተፈላ ቁጥር ይነሳብኛል።

እና ብረት የሚለይ ፍለጋ መርካቶ ወረድኩ። ሻጩ ልጅ ኤልጄ12ኤ3-4 የምትባለውን የብረት ሴንሰር አወጣልኝ። ጣት የምታክል ነገር። "4ቱ ምንድን ነው?" አልኩት። "4 ሜትር ትይዛለች ወንድሜ" አለኝ፣ ዓይኑን ሳያሽ። አመንኩት! 5 ዓመት ኤሌክትሪካል የተማርኩት ሰውዬ አመንኩት!

ዛሬ ገጠምኳት። ጋሼ መኪናቸውን አስነስተው መጡ። ምንም። ጠጋ አሉ። ምንም። ስንዝር ሲቀራቸው ወረዱና የመኪናውን ቁልፍ ይዘው ወደ ሴንሰሯ አስጠጉ፣ አሁንም አስጠጉ፣ ሊነካት ሲል ቀይ መብራቷ ብልጭ አለች። በሩ ተከፈተ።

"ቁልፍ ካወጣሁ አይቀር ቀዳዳው ውስጥ ብከተው አይሻልም ነበር ልጄ?" አሉኝ።

ዘበኛው ከኋላ፣ "እኔኮ ጋሼ፣ ጥሩንባዎን ከአስፋልቱ ነው የምሰማው!" እንጀራውን ልቀማ የመጣሁ ስለሚመስለው ፊቱ በርቷል። ምን እላለሁ? ከሷ እሱ ይሻላል። እውነቱን ነው።

4 ሚሊ ሜትር ናት! እሷም ለብረት ነው። ለአሉሚኒየምና ለመዳብ ሲሆን ግማሹንም አትደርስ። የጋሼ መኪና መከላከያ ደግሞ ፕላስቲክ! ከዚህ ዘር ትልቅ የሚባሉት ራሱ በሴንቲ ሜትር ነው የሚቆጠሩት። ነገሩ ሽቦ ተጠቅልሎ የሚፈጥረው የማግኔት መስክ ነው፤ ከጥቅልሉ ራቅ ካልክ በኋላ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ከትንሽ ብረት የሚመለሰው ምልክት 64 ጊዜ ያንሳል። ሩቅ ለማየት ጥቅልሉ ራሱ መስፋት አለበት። ይሄን ሳስረዳ ጋሼ "አየር ማረፊያው የቀበቶዬን ዘለበት ያገኝ የለ እንዴ?" አሉ። ጋሼ፣ እዚያኮ በትልልቆቹ ጥቅልሎች መሃል ገብተው ነው የሚያልፉት! አላልኩም። ዋጥኩት።

መርካቶ ተመልሼ ብሄድስ? "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" የምትለው ወረቀት ከሴንሰሯ በላይ ከሩቅ ትታያለች። ባለፈው የገዛሁት ፓወር ሰፕላይም 12 ቮልት ብሎ 9 ነበር የሚሰጠው። እሱንም ዋጥኩት። መዋጥ ሆኗል ሥራዬ።

የሚያዋጣው አንድ ነገር ነው፤ ከበሩ ወጣ ብሎ መሬት ውስጥ ሰፊ የሽቦ ቀለበት መቅበር። መኪናው ላዩ ሲቆም ያውቃል፤ በጉ ሙሉ ቀን ቢተኛበት አያውቅም። ከመጀመሪያውም ብዬ ነበር። "ውድ ነው፣ ደግሞ መሬት አትቆፍርብኝ" ያለኝ ማን ሆነና!

ይሄን እየጻፍኩ ጋሼ ደወሉ። "ኮብልስቶኑን ልታስነሳብኝ ነው የሚሉት እውነት ነው?" ማን ነገራቸው? ዘበኛው ነዋ።