መጀመሪያ ሥጋው፣ ከዚያ ብርሌው

ክርክሩ የተነሣው በአንድ ጠርሙስ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ የጠመንጃ አደን ወቅት ሊከፈት ሰሞን፣ አብረው ጫካ የሚወጡ ሐበሾች ቡና ላይ ተቀምጠው ማን ምን እንደሚይዝ ይከፋፈላሉ። አንዱ ገመድና ቢላ፣ አንዱ በረዶ፣ አንዱ ምሳ ያዘ። ሲጋር በመውደዱ የሚታወቀው ሰው ግን «የእኔ ድርሻ ታውቋል፤ ቦርቦን ውስኪ፣ ሲጋርና አዋዜ» አለ። አዋዜው ለምን እንደሆነ ሲጠየቅ፣ አጋዘኑ እንደወደቀ ጉበቱን እዚያው በትኩሱ፣ በጥሬው ሊበላበት ነው።

ሽማግሌው ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «ሳይገድሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ» አሉ።

«ጋሼ፣ ተረቱን ደግሞ ጀመሩት!»

«ገና ነኝ፤ ታየኛለህ።»

የባለሲጋሩ ክርክር ቢጨመቅ ይህን ያህል ነው፦ ሰው በሌሊት ተነሥቶ፣ ዛፍ ላይ በብርድ ሲንቀጠቀጥ ቆይቶ ግዳይ ከጣለ፣ ደስታው ትኩስ ሳለ መጠጣት አለበት። አሜሪካኖቹም በቪዲዮ ሲያደርጉት ይታያል። አባቶቻችንም ይፎክሩ ነበር። ሌላ ነገር አልጨመረም። ቪዲዮውን ደጋግሞ ጠቀሰ፤ አባቶቻችንን አንድ ጊዜ ብቻ።

ሽማግሌው ጥያቄ አቀረቡ። «እሺ፣ ተኮስክ። ከዚያስ?»

«ወደቀ።»

«ከወደቀስ?»

«ሲጋሬን እለኩሳለኋ!»

«ሳይገድሉ ጎፈሬ!» አሉ ሽማግሌው፣ ጠረጴዛውን በጣታቸው እየመቱ። ጥይት የአከርካሪውን ጫፍ ጫር ያደረገው አጋዘን መብረቅ እንደመታው በቁሙ ይወድቃል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተነሥቶ ይሮጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ጠመንጃው እንደገና ይጎርሳል፣ ዓይን ከወደቀው ላይ አይነሣም። ሮጦ ከተሰወረ ደግሞ የሚያናግረው ደሙ ነው። አረፋ ያለበት ደማቅ ደም ከሳንባ የመጣ ነውና ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቆ መከተል ነው። የጠቆረ ቀይ ደም ከጉበት ነው፤ አራት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። አረንጓዴ የቀላቀለና የሚገማ ከሆነ ጥይቱ ጨጓራ ወይም አንጀት አግኝቷል፤ ስምንት ሰዓትና ከዚያም በላይ መታገሥ ግድ ነው። ቸኩሎ የተከተለው ያስነሣዋል፤ ያ አጋዘን ሌላ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቶ ለማንም ሳይሆን ይሞታል። የወደቀውም ቢሆን ከጀርባው በኩል ቀርበው ዓይኑን በረጅም እንጨት ይነኩታል። ዓይኑ ተከፍቶ የማይርገበገብ ከሆነ ሞቷል። የተከደነ ዓይን የሕያው ነው።

ባለሲጋሩ «እሺ ሞተ እንበል! አሁንስ?» አለ።

አሁንም አይሆንም። በቨርጂኒያ ሕግ በድኑ ከወደቀበት ከመነቃነቁ በፊት በአደን ፈቃዱ ላይ ያለው የአጋዘን ምልክት መሰረዝ አለበት፤ መኪና ላይ ሲጫን ወይም የቀኑ የአደን ሰዓት ሲያበቃ፣ ከሁለቱ በቀደመው፣ መመዝገብ አለበት። ጠጥቶ በጠመንጃ ማደንም ወንጀል ነው። ጓደኛው ገና ዛፍ ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ አንዱ ስለተሳካለት ብቻ ጠርሙስ የሚከፈትበት አደን አደን አይደለም።

የክርክሩ እምብርት ግን ሕጉ አልነበረም፤ ጊዜው ነው። ደህና ወፍራም ሲጋር በወጉ ከተጨሰ ከአርባ አምስት ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ሥጋው የሚፈልገውም ያችኑ ሰዓት ነው። የኅዳር መጀመሪያ ቨርጂኒያ ውስጥ ጠዋት ውርጭ ሆኖ ቀትር ላይ ሊሞቅ ይችላል፤ የአጋዘን ጠጉር ደግሞ ወፍራም ነውና ሙቀቱን ይዞ ያቆየዋል። ሆድ ዕቃው ካልወጣ ከውስጥ መበላሸት ይጀምራል። መጀመሪያ የሚበላሸው ከታፋው ውስጥ ከአጥንቱ አጠገብ ያለው ወፍራም ሥጋ ነው፤ ከላይ አይታይም፤ ቤት ገብቶ ሲከፈት ነው አፍንጫ የሚሰነፍጠው።

ሽማግሌው አሠራሩን አንድ በአንድ ተናገሩት፣ እኔም ከዚህ የተሻለ አሠራር አላውቅም። በጀርባው ይንጋለላል፣ ጭንቅላቱ ወደ ዳገቱ በኩል። ፊንጢጣው ዙሪያውን ተቆርጦ ይላቀቅና በሲባጎ ይታሰራል። ሆዱ ሲቀደድ የቢላው ስለት ወደ ላይ ይሆናል፤ ሁለት ጣት ከሥር ገብቶ ቆዳውን ያነሣል፣ ጨጓራውና ፊኛው እንዳይወጉ። ከዚያ ደረትና ሆድን የሚለየው ስስ ሥጋ ዙሪያውን ይቆረጣል፤ ጉሮሮው እጅ እስከደረሰበት ድረስ ከላይ ይቆረጥና ሁሉም በአንድ ጊዜ ተስቦ ይወጣል። ደሙ እንዲንጠፈጠፍ ይገለበጣል። ፊኛ ወይም ጨጓራ ከተወጋ ሥጋው ወዲያው በንጹሕ ውኃ ታጥቦ ይደርቃል። ደረቱ በእንጨት ተወጥሮ ይከፈታል፤ በረዶ በፕላስቲክ እንደታሰረ ውስጡ ይገባል፤ የቀለጠው ውኃ ሥጋውን ማራስ የለበትም። ዓላማው ከ4 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ማድረስ ነው። ጉሮሮውን የሚቆርጠው እጅ በማያየው ቦታ፣ በስለታም ቢላ፣ በሚያንሸራትት ደም ውስጥ ነው የሚሠራው። ሁለት መለኪያ ውስኪ የቀመሰ እጅ እዚያ ምን ይሠራል?

ባለሲጋሩ ይህን ሁሉ ሰምቶ የመለሰው «ጋሼ፣ ደስታ ገደላችሁ» የሚል ነው።

ጀርመን አገር ብዙ ዓመት የኖረው እዚህ ላይ ገባ። እዚያ ወጉ መጠጥ አይቀድመውም አለ። አጋዘኑ በቀኝ ጎኑ ይጋደማል፤ ከባሉጥ፣ ከጥድ ወይም ከመሰሎቻቸው ቅርንጫፍ ይሰበራል፤ አንዱ ቅጠል በአፉ ይደረጋል፣ የመጨረሻ ጉርሻው ነው። ሌላው ደሙ ይነካውና ለገዳዩ ይሰጣል፤ ሰጪው «ቫይድማንስሃይል» ብሎ የአዳኝ ደስታውን ይገልጻል፣ ተቀባዩ «ቫይድማንስዳንክ» ብሎ ያመሰግንና በባርኔጣው ቀኝ በኩል ይሰካዋል። በትልቁ አደን ላይ የተገደለው ሁሉ በሰልፍ ተጋድሞ ቀንደ መለከት ይነፋለታል። መጠጡ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፣ አዳኞቹም ብርጭቆውን በግራ እጅ ነው የሚያነሡት።

«ለሞተ አፍ ጉርሻ!» ብሎ ሳቀ ባለሲጋሩ። ወዲያው ግን «እኔም የጀርመኑን መጠጥ አመጣለሁ፤ የገርማይስተርን፣ አጋዘን ያለበትን» አለ። ጀርመን የኖረው መለሰለት፦ በጠርሙሱ ላይ ያለው አጋዘን በቀንዶቹ መካከል መስቀል ይዟል፤ በአደን ሱስ አምላኩን ረስቶ የነበረው ሁበርቱስ ያንን አይቶ እንደተመለሰ የሚነገረው ታሪክ ነው፤ በዓሉም ኖቬምበር 3 ይከበራል። ባለሲጋሩ ሊያመጣው ያሰበውን ጠርሙስ ሥዕል እንኳ አላየውም።

«ሳያጣሩ ወሬ» አሉ ሽማግሌው፣ ተረቱን በሌላው ጫፉ ይዘው።

ባለሲጋሩ አንድ ደህና ነጥብ ነበረው፣ እሱንም በመጨረሻ ነው ያገኘው። የአደኑ ወቅት ከተከፈተ በኋላ ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ ሥጋ እስከ ገና አይበላም። «ቅበላ ነው እኮ ጋሼ! ጉበቱን በትኩሱ ካልበላን መቼ ልንበላ ነው?» አለ። እውነት ነው፣ ጊዜው ጠባብ ነው። ግን ሳምንት ገደማ አለ፤ ለጥብስ የሚያስፈልገው ደግሞ አንድ ሌሊት መቀዝቀዝና አንድ ምጣድ ነው። ጥሬው አይሆንም። የዱር እንስሳ ሐኪም አላየውም፤ ቶክሶፕላዝማ የሚሉት ጥገኛ ተሕዋስም ባክቴሪያም ሊኖረው ይችላል፤ የተፈጨ ከሆነ እስከ 71 ዲግሪ መብሰል አለበት። በዚያ ላይ አጋዘንን አመንምኖ የሚገድለው የአንጎል በሽታ፣ ሲ ደብሊው ዲ የሚሉት፣ ቨርጂኒያ ውስጥ በፈረንጆቹ ከ2009 ጀምሮ ተገኝቷል። ወደ ሰው መተላለፉ አልተረጋገጠም፣ ቢሆንም የተገኘበት እንስሳ ሥጋ እንዳይበላ የጤና ባለሥልጣናት ይመክራሉ፤ ይህን በሽታ ደግሞ ማብሰል አያጠፋውም። በሽታው ባለበት አካባቢ የታደነ ከሆነ የምርመራው ውጤት እስኪመጣ ሳይቀምሱ መታገሥ ነው። ሳይገድሉ ጎፈሬ ማለት ይኸው ነው፤ ገና ያልተጣራ ሥጋ በአዋዜ መጥቀስ።

እኔ ከሽማግሌው ጋር ነኝ፤ መጠጥ ጠልቼ ግን አይደለም። ጠመንጃው ባዶ ሆኖ ከተቆለፈበት፣ ሥጋው ከቀዘቀዘ፣ እጅ ከታጠበ በኋላ ሲጋሩም ይለኮስ። ሲለኮስም በወጉ ይሁን፦ ከጫፉ ቆብ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ይቆረጣል፣ አልፎ ከተቆረጠ ቅጠሉ ይተረተራል። በጋዝ ወይም በእንጨት ክብሪት እንጂ በቤንዚን ላይተር አይሆንም፣ ሽታው ትምባሆው ውስጥ ይገባል። እሳቱ ሳይነካው ጫፉን እያዟዟሩ ያሞቁታል፤ በደቂቃ አንዴ ይሳባል፣ ጭሱ ወደ ሳንባ አይወርድም። ባለሲጋሩ እንዳሰበው ቀኑን ሙሉ በደረት ኪስ፣ በደረቅ ብርድ የዋለ ሲጋር ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ከ65 እስከ 70 በመቶ እርጥበት ያለው መያዣ ይፈልጋል።

ለአጋዘን ሥጋ ግን ከውስኪ ይልቅ ጠጅ ይስማማዋል። ሥጋው ስብ የለውም፤ ያለችውም ሞራ ላንቃ ላይ ትጋገራለችና ተለቅማ መጣል አለባት። ሽንጡ ከቃጫው ጸድቶ፣ በንጥር ቅቤ፣ በኃይለኛ እሳት ቶሎ ይጠበሳል፤ ከቆየ ይደርቃል። ይህን ደረቅነት የሚያለዝበው የማር ጣፋጭነት ነው። አንድ እጅ ማር በሦስት ወይም በአራት እጅ ውኃ ተበጥብጦ፣ ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ጌሾው ይገባበታል። በዚህ አገር ጠጅ የሚያበላሸው ሁለት ነገር ነው፦ ቀዝቃዛ ምድር ቤት ውስጥ ተቀምጦ መፍላቱን ያቆማል፣ ወይም በደንብ ሳይከደን ይቀርና ይኮመጥጣል። አጋዘኑ በወደቀበት ሳምንት የተጠነሰሰ ጠጅ ለገና ይደርሳል፤ በረዶ ቤት የቆየው ሥጋም ያኔ ይወጣል። ፉከራው፣ ቀረርቶው፣ ብርሌው ሁሉ የዚያን ቀን ነው። ድሮም ጎፈሬ ያሳድግ የነበረው ግዳዩን ይዞ ገብቶ ያሳየ ነው።

የሚያናድደኝ ይህ ሰው ብቻውን አለመሆኑ ነው። ዘመኑ በሙሉ ጎፈሬ ሆኗል። አገር ቤት የመሠረት ድንጋይ ይቀመጣል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ በሬ ይታረዳል፤ ድንጋዩን ሣር ይውጠዋል። እዚህ ደግሞ ማኅበር ይቋቋምና ገና አንድ ሥራ ሳይሠራ የምስረታ ራት ይበላል፤ ለማኅበሩ ሥራ የተዋጣው ገንዘብ በዚያው ምሽት ለአዳራሽና ለዲጄ ያልቃል። ሰርግ ላይ፣ ክርስትና ላይ፣ አሁንማ ተዝካር ላይ ሳይቀር ጠረጴዛው በውስኪ ጠርሙስ ይደረደራል፤ ጠጅ የጣለች እናት ብርሌዋን ጓዳ ትደብቃለች፣ እንግዳው እንዳይንቃት። ቀንዱ ለግድግዳ ተወስዶ ሥጋው ዱር የተጣለ አጋዘንም አለ። ቨርጂኒያ ውስጥ የአደን ሥጋ ተዘጋጅቶ ለችግረኛ ቤተሰብ የሚከፋፈልበት አሠራር እያለ፣ ለጠርሙሱ ሰማንያ ዶላር ሳይሰስቱ አውጥተው ሥጋውን እስከዚያ ለመውሰድ መንገድ የሚረዝምባቸው ሰዎች «አዳኝ ነን» ይላሉ።