ሐር ላይ ማስቲሽ

በማስቲሽ ለጥፎታል! ፍሬም እንዲገባለት የሰጠሁትን የሐር ጥልፌን የፍሬም ቤቱ ልጅ ጫማ ሠሪ ሶል በሚያጣብቅበት ማስቲሽ ቺፕውድ ላይ ለጥፎ፣ ጠርዙን በምላጭ ከርክሞ፣ መስታወቱን በቀጥታ ከላይ ጭኖበት ዛሬ ከሰዓት አስረከበኝ። ይህን የምጽፈው ገና ንዴቱ ሳይበርድልኝ ነውና ወዳጆቼ ታገሡኝ።

እርግቦቹን ታውቋቸዋላችሁ። የአራዳ ጊዮርጊስን እርግቦች ስጠልፍ ከመጀመሪያው ክንፍ ጀምሮ አብራችሁኝ ነበራችሁ። የመካከለኛዋ እርግብ አንገት ከአረንጓዴ ወደ ወይን ጠጅ ሲዞር አይታችሁ ስንት ዓይነት ቀለም እንደተጠቀምሁ የጠየቃችሁኝ ብዙዎች ነበራችሁ፤ እኔም ለውጡን የሚፈጥረው የቀለሙ ብዛት ብቻ ሳይሆን የክሩ አቅጣጫም መሆኑን ነግሬያችሁ ነበር። የሐር ጭረት (ክሩ የሚፈተልበት እጅግ ቀጭኑ ዘለላ) ሦስት ማዕዘን መሰል ቅርጽ ስላለው ብርሃንን የሚመልሰው እንደ ጥጥ አይደለም፤ አንዱን ክር ፀጉር እስኪያክል ሰንጥቆ ስፌቱን ትንሽ ዘንበል ሲያደርጉት ያው ቀለም ደምቆ ወይም ጠቁሮ ይታያል። ዛሬ ያ አንገት ደርቋል። ማስቲሹ ከጀርባ ሰርጎ በጭረቶቹ መካከል ያለውን ክፍተት ስለሞላው፣ ወደ የትኛውም አቅጣጫ ቢያዞሩት የሚያሳየው አንድ የደፈረሰ ቡናማ አረንጓዴ ብቻ ነው። ነጩ ክንፍ ላይ ደግሞ የሻይ ጠብታ የመሰለ ቢጫ እድፍ ወጥቷል።

ከሁሉ የሚያቃጥለኝ ግን ለፍሬም ቤቱ የሰጠሁት ተወጥሮ ያለቀ ሥራ መሆኑ ነው። አሲድ የሌለውን ካርቶን እዚህ ከተማ የጽሕፈት መሣሪያ መደብሮች ውስጥ ፈልጌ ስላጣሁ ከውጭ በሚመጣ ዘመድ አስልኬ፣ ደጋግሜ ያጠብሁትን አቡጀዲድ አልብሼው፣ የሐሩን ድርና ማግ ከካርቶኑ ጠርዝ ጋር አስተካክዬ፣ ከመሀል ወደ ማዕዘን እየወጠርሁ በስፒል ያዝሁት። ቀጥሎም ዙሪያውን በጎባጣ መርፌ ከአቡጀዲዱ ጋር ሰፋሁት፤ ጀርባውንም ከዳር እስከ ዳር በጠንካራ ክር አመሳቅዬ ጠፈርሁት። ይህ አሠራር የእኔ ፈጠራ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1872 ለንደን ውስጥ የተመሠረተው የንጉሣውያኑ የጥልፍ ትምህርት ቤት ለተማሪዎቹ የሚያስተምረውም አቡጀዲድ በለበሰ ካርቶን ላይ መስፋትን ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ሐር ከአየሩ ጋር እርጥበት ይስባል፣ ይለቅቃል፤ በክር የተያዘ እንደሆነ ከተሰፋበት ጨርቅ ጋር አብሮ ይላላል፣ ይጠብቃል፤ ከሃምሳ ዓመት በኋላም አንድ ሰው ክሩን ፈትቶ፣ አጽድቶ፣ እንደገና ሊወጥረው ይችላል።

ከእነርሱ የጠየቅሁት ጥልቀት ያለው ፍሬምና መስታወቱን ከጥልፉ የሚያርቅ ቀጭን የእንጨት ክፈፍ ብቻ ነበር። ማጣበቂያ እንዳይነካው፣ ጠርዙ እንዳይቆረጥ፣ መስታወቱ ጥልፉን እንዳይነካ በጉልህ ጽፌ ሰጠሁ፤ ወረቀቱንም ከደረሰኙ ጋር በስቴፕለር አያይዘው ተቀበሉኝ።

«ማዘር፣ ጀርባው በክር ተተብትቦ ነበር፤ ስለሚያስጠላ ፈትቼ በደንብ ለጠፍኩልዎት» አለኝ ልጁ። ምስጋና እየጠበቀ ነበር።

«ወረቀቱን አላነበብኸውም?»

«አንብቤዋለሁ። ግን እኛ ሥራችንን እናውቃለን። ጨርቅ ካልተለጠፈ ይረግባል።»

«ጠርዙስ የት ሄደ?»

«ትርፉን ነው የቆረጥኩት። ምን ያደርግልዎታል?»

ምን ያደርግልኛል! ዙሪያውን አራት ጣት ያህል የተውሁት ባዶ ሐር እኮ ጥልፉ የሚያዝበት እጀታው ነው። እርሱ ከሌለ መርፌ የሚገባበት፣ ክር የሚጠፈርበት፣ ጣት የሚጨብጥበት ቦታ የለም። ማስቲሹ በተአምር ቢለቅ እንኳ ያን ሥራ እንደ ቀድሞው መወጠር አይቻልም። ይህን ሳስረዳው ልጁ ስልኩን አውጥቶ ቻይናውያን የሐር ሥራ ጀርባ ላይ ሙጫ በብሩሽ ሲቀቡ የሚያሳይ ቪዲዮ ከፈተልኝና «ይኸው፣ ባለቤቶቹም ይለጥፉታል» አለኝ። በሰው ፊት ውሸታም የተባልሁ ያህል ተሰማኝ።

ቻይናውያን የሚቀቡት ከስንዴ ስታርች የተፈላ፣ የቀጠነ ሙጫ ነው፤ የሚለጥፉትም ስስ ወረቀት ላይ ነው። ባለሙያው ከዓመታት በኋላ በውኃ አርሶ ያላቅቀውና አዲስ ወረቀት ያለብሰዋል። ጃፓናውያን ጠላፊዎችም ሥራው ሲያልቅ ክሩ እንዲጸና ከጀርባው የሚያስነኩት ያንኑ የስንዴ ሙጫ ነው። ሁሉም ያሰቡት ከእነርሱ በኋላ ለሚመጣው ሰው ነው። ማስቲሽ ግን የሚለቀው በአሴቶን ወይም በመሰል ኬሚካል ነው፤ አሴቶኑ ሐሩን ባይጎዳው እንኳ የክሩን ቀለም ሊያፈስሰው ይችላል። ይህን እየተናገርሁ ሳለ የምርቃት ፎቶ ሊያሠራ የመጣ አንድ ጎልማሳ ከጎኔ ሳቀና «እትዬ፣ ምን ያስጨንቅዎታል? የኮምፒውተር ጥልፍ ሽሮ ሜዳ ሞልቷል፤ በአንድ ቀን ይደርስልዎታል» አለኝ። ልጁም አብሮት ሳቀ።

የፍሬም ቤቱ ባለቤት በስልክ ተጠየቀና መስታወቱን በነፃ እንደሚቀይርልኝ ቃል ገባ። መስታወቱን! ከዚያም ቀሪውን ሒሳብ እንድከፍል ተጠየቅሁ።

መስታወት ካነሳሁ አይቀር፣ ጥልፍ ላይ ተደፍቶ የተቀመጠ መስታወት ምን እንደሚያደርግ ለማየት አንድ ክረምት ይበቃል። ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ በውስጥ በኩል ጤዛ ይቋጥራል፤ ጤዛው ሐሩን ያረጥበዋል፤ ከነሐሴ በኋላ ሻጋታው ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል። ባለፈው ዓመት ደግሞ አንድ መሥሪያ ቤት የገዛኝን ቀይ አበባ ከመስኮት ፊት ለፊት ሰቅሎት ኖሮ፣ በዓመቱ ሳየው ወደ ሮዝ ነጥቶ አገኘሁት፤ ቀለሙ ደካማ ነው ተብዬ የተወቀስሁትም እኔ ነኝ። ከተፈጥሮ ጭረቶች ሁሉ እንደ ሐር በብርሃን የሚጎዳ የለም። ሙዚየሞች ለጨርቃ ጨርቅ ከ50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ያልበለጠ ብርሃን ሲመክሩ በምክንያት ነው፤ የእኛ ከተማ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ፀሐይዋ አትምርም።

ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ከመፍረሷ በፊት አንድ ፍሬም ሠሪ ሽማግሌ ነበሩልኝ። ሥራ ሲቀበሉ መጀመሪያ እጃቸውን ይታጠቡ ነበር፤ ከዚያ ጀርባውን ገልብጠው አይተው «ይኼ ምን እንዲሆን ትፈልጊያለሽ?» ብለው ይጠይቁኛል። የሐር ሙያ የላቸውም፤ የማያውቁትን ግን አይነኩም ነበር። ሱቃቸው ከነሰፈሩ ሄደ፤ ወዴት እንደተዛወሩ ያገኘሁት ሁሉ አያውቅም። ዛሬ በዚያው አካባቢ ያሉት ፍሬም ቤቶች የሚያውቁት ፎቶ ብቻ ስለሆነ፣ ጥልፍም ሲመጣላቸው እንደ ፎቶ ይለጥፉታል።

እኛ እኮ ሐርን ዛሬ ያየን ሰዎች አይደለንም። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ተዘርፎ ብሪቲሽ ሙዚየም የገባው ታላቁ የቤተ ክርስቲያን መጋረጃ በጎንደር ዘመን እዚሁ አገር በሐር የተሸመነ ነው፤ ክሩ ከሩቅ ምሥራቅ መጣ፣ እጁ ግን የእኛው ነበር። ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ዛሬም አለ። የእኔ እርግቦች ፍሬም ቤት ገብተው በደህና አልወጡም። ይህ ድካም ነው፤ ለማን አቤት እንደሚባልም ግራ ገብቶኛል። ለጫማ ቢሆን ዋስትና ይጠየቃል፤ ለጥልፍ ግን «ጨርቅ እኮ ነው» ተብሎ ይዘጋል።

ቀሪውን ሒሳብ አልከፈልሁም፤ ሥራውን ከነቺፕውዱ ይዤ ወጥቻለሁ። ያዘዙኝ ሰው እየጠበቁ ስለሆነ የመካከለኛዋን እርግብ እንደ አዲስ እጀምራታለሁ። ከአራት ኪሎ እስከ ቸርችል ጎዳና ባለው አካባቢ ጥልቀት ያለው ፍሬም የሚሠራ፣ የተሰጠውን ሥራ ከጀርባ የማይፈታ አናጺ የምታውቁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ማስቲሹን ጨርሶ ለማስለቀቅ በቤንዚን ሞክሪው የምትሉኝ ግን እባካችሁ ተዉኝ፤ ዛሬ ለዚያ መልስ የምሰጥበት ትዕግሥት የለኝም።