ጥቁር በጥቁር ላይ

ባለፈው ቅዳሜ አሥር ሰዓት ገደማ፣ በድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ ከባቡር ጣቢያው ብዙም በማይርቅ ሻይ ቤት በራፍ፣ ከኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር አራት ሆነን ተቀምጠን ነበር። የተገናኘነው እንደ ወትሮው ሙቀቱን ለማማረር ነበር፤ ወሬው ግን ሳይታሰብ ወደ ኮምፒዩተር ፕሮግራም ቀለም ዞረና እስኪመሽ ድረስ አልለቀቀንም። ከአራታችን አንዱ ለሱቆችና ለመጋዘኖች የዕቃና የሒሳብ መያዣ ፕሮግራም እየሠራ የሚሸጥ ወጣት ነው። ሁለተኛው ዕድሜያቸውን በሒሳብ መዝገብ ላይ አጎንብሰው ያሳለፉ ጡረተኛ ናቸው። ሦስተኛው ታፔላ ጸሐፊ ነው። አራተኛው እኔ ነኝ፤ የማን ወገን እንደሆንሁ ቀድሜ ብናገር ይሻላል፤ የወጣቱ ወገን አይደለሁም።

ነገሩን የጀመረው እርሱው ነው። የፕሮግራሙን አዲስ ስሪት ሊያሳየን ላፕቶፑን ከቦርሳው አውጥቶ ከፈተ። መደቡ ጥቁር፣ ፊደሉ ወርቃማ፣ ቁልፎቹ ሐምራዊ፣ የቀኑ ጽሑፍ ደግሞ በጥቁሩ ላይ ጠቆር ያለ ግራጫ ነው። ይህን የማውቀው እርሱ ስለነገረን ነው እንጂ እኛስ ያየነው ሌላ ነበር። የአሥር ሰዓት የድሬ ፀሐይ ጥቁሩን ስክሪን መስታወት አድርጎት ስለነበር፣ የሚታየን የራሳችን ፊት፣ የኒሙ ቅርንጫፍና ከኋላችን የሚያልፍ ባጃጅ ነበር። ልጁ ስክሪኑን ወደ ደረቱ አስጠግቶ በእጁ ጋረደና «አሁንስ?» አለን። «አሁንማ ሸሚዝህ ይታየኛል» አሉት ጡረተኛው። ሳቅን። ቀጥለውም ያን ቀን ከአፋቸው ያልጠፋውን ተረት አወጡት፦ «ከመጠምጠም መማር ይቅደም።»

«አቦ ጋሼ፣ አንተ ደግሞ ሁሉን ነገር በተረት ትጨርሰዋለህ» አለ ልጁ። (የድሬ ልጅ ጋሼም እያለ አንተ ይላል፤ ይህን እንደ ድፍረት የሚቆጥር እንግዳ ካለ ከተማችንን አላወቃትም።) የእርሱ ክርክር ባጭሩ ይህ ነበር፤ ፕሮግራም መልክ ያስፈልገዋል፤ ደንበኛ የሚገዛው በዓይኑ ነው፤ ዛሬ ዓለሙ ሁሉ ዳርክ ሞድ፣ ማለትም በጥቁር መደብ ላይ ብሩህ ፊደል ነው፤ ጥቁር ዓይን ያሳርፋል፣ ባትሪም ይቆጥባል። ከዚህ ያለፈ ነገር ተናግሮ ከሆነ እኔ ጆሮ ላይ አልደረሰም፤ ደጋግሞ የተናገረው ግን ይህንኑ ነው።

የባትሪውን ነገር እዚያው ጨረስነው። ጥቁር ቀለም ኃይል የሚቆጥበው እያንዳንዱ ነጥብ በራሱ በሚበራበት ኦሌድ በሚባለው ስክሪን ላይ ነው። በተለመደው ኤልሲዲ ላይ ግን ከጀርባ ያለው መብራት ጥቁሩም ሲታይ አይጠፋም፤ ጥቁሩ መብራቱን ይጋርደዋል እንጂ። ደግሞስ ፕሮግራሙ የሚሸጥለት የሱቅ ኮምፒዩተር ባትሪ መች አለውና ነው? መብራት ሲሄድ ጥቁሩም ነጩም እኩል ይጠፋል። ልጁ ይህን ሲሰማ ሻዩን አማሰለ፤ ስኳሩ ግን ቀድሞ ሟሙቶ ነበር።

እኔ በዚህ ጉዳይ የገባሁት የቀለም አዋቂነት ኖሮኝ ሳይሆን አንድ ነገር በዓይኔ ስላየሁ ነው። ቀፊራ ገበያ አጠገብ አንድ የጅምላ መደብር አለ፤ ሒሳብ ያዧን አውቃታለሁ። ዓይኗ ደከም ያለ ስለሆነ ኮምፒዩተሯን ሃይ ኮንትራስት በሚባለው አሰላለፍ፣ ማለትም በጥቁር መደብ ላይ በነጭ ፊደል አድርጋ ዓመታት ሠርታበታለች። የዚህ የልጁ ፕሮግራም የቀድሞው ስሪት ተገዝቶ በተጫነ ዕለት ግን የዱቤ ዝርዝሩን ስትከፍተው ባዶ ሆነባት። ስሙ ባዶ፣ ብሩ ባዶ፣ ቀሪው ባዶ። ልጁ ተጠርቶ መጣ፤ በራሱ ላፕቶፕ ከፍቶ አሳያትና «ይኸው ይሠራል» ብሏት ሄደ። ዝርዝሩ ግን ባዶ አልነበረም። ልጁ የፊደሉን ቀለም «ጥቁር» ብሎ በኮዱ ውስጥ በእጁ ሲጽፍ፣ የመደቡን ቀለም ግን ኮምፒዩተሩ እንዳለው ይሁን ብሎ ተወው። በእርሱ ማሽን መደቡ ነጭ ነው፤ በእርሷ ጥቁር ነው፤ ሒሳቡ ሁሉ ጥቁር በጥቁር ላይ ተጽፎ ተቀምጧል።

ሴትዮዋ ምን ዘዴ እንዳገኘች ላሳያችሁ። ማውዟን ወስዳ አንዱን መስመር ስትጫነው መስመሩ ይመረጣል፤ የተመረጠ መስመር ደግሞ ለመደቡም ለፊደሉም የራሱ ቀለም ስላለው ያ አንድ መስመር ብቻ ይታያል። ታነበውና ወደ ታች አንድ ትወርዳለች፤ ያለፈው ይጠፋል፣ አዲሱ ይበራል። የአንድ ወር ዱቤ እንዲህ፣ በሌሊት በባትሪ መንገድ እንደሚፈልግ ሰው፣ መስመር በመስመር ስታነብ ሳያት ነው እኔ ወገኔን የመረጥሁት። ይህን ስናገር ጡረተኛው ራሳቸውን ነቅንቀው «አላልሁም? ከመጠምጠም መማር ይቅደም» አሉ።

«ታዲያ ሴቲንጓን ብትቀይረውስ?» አለ ልጁ። ዓይኗን ትቀይር እንደማለት ነው፤ ግን አለፍነው።

እዚህ ላይ የነገሩን ፍሬ በሥርዓት ማስቀመጥ አለብኝ። ኮምፒዩተር ቀለምን የሚያውቀው በሦስት ቁጥር ነው፤ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ፣ እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 255። ሲባዛ 16,777,216 ቀለም ይሆናል። ይህን ሁሉ ያገኘ ጀማሪ ቁጥሩን በየመስኮቱ፣ በየቁልፉ፣ በየሠንጠረዡ ይዘራዋል፤ ነገ ባለ ሱቁ «ሰማያዊውን አረንጓዴ አድርግልኝ» ሲለው በየጉራንጉሩ ሲለቅም ይውላል፣ ሁለት ሦስት መስኮት ረስቶም ይሄዳል። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ግን ለቀለሙ ስም የሚያወጣለት በመልኩ ሳይሆን በሥራው ነው። «ሰማያዊ» አይልም፤ «የመደብ ቀለም»፣ «በመደብ ላይ የሚጻፍ ፊደል»፣ «የተመረጠ መስመር»፣ «ለጊዜው የማይሠራ ቁልፍ» ይላል። ቁጥሩ በአንድ ቦታ ይቀመጣል፤ ፕሮግራሙ በሙሉ ከዚያ ይቀዳል። መደብና ፊደልም ሁልጊዜ ጥንድ ናቸው፤ አንዱን የወሰነ ሌላውንም ይወስናል፣ ወይም ሁለቱንም ለኮምፒዩተሩ ይተዋል። ይህ አዲስ ፍልስፍና አይደለም። ኪውቲ የሚባለው የፕሮግራም መሥሪያ ፓሌት ብሎ ያዘጋጀው ይህንኑ ነው፤ ለእያንዳንዱ የሥራ ድርሻ መስኮቱ ከፊት ሲሆን፣ ከኋላ ሲሆን፣ እንዲሁም ዕቃው ሲቦዝን የሚኖረውን ቀለም ለይቶ ይይዛል። ልጁ በሚሠራበት ሲ ሻርፕ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋም ቢሆን ሲስተምከለርስ የሚል የተዘጋጀ ዝርዝር አለ፤ አንድ ቃል ጽፎ የሴትዮዋን ምርጫ እንዳለ መቀበል ይችል ነበር።

ጡረተኛው ይህን ሲሰሙ ሐረርን አነሡ። ጁገል ውስጥ ወደ ጥንት የሐረሪ ቤት የገባ ሰው መደቦቹን ያውቃቸዋል፤ ነደባ ይባላሉ፤ ከፍታቸው የተለያየ ነው፣ እያንዳንዱም ማን እንደሚቀመጥበት የታወቀ ነው። አሚር ነደባ የሚባለው የክብር ስፍራ አለ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ግንብ አይፈርስም፤ ሰው ይለዋወጣል፣ መደቡ ግን ሥራውን ይዞ ይኖራል። በቋንቋችን የመቀመጫውም የቀለሙም ስም «መደብ» መሆኑ ደስ አለኝና ለልጁ ደጋግሜ ነገርሁት። እርሱ ግን «ሐረርን ከሲ ሻርፕ ጋር ምን አገናኘው?» አለ። ይህ ነው የተማረው።

ታፔላ ጸሐፊው እስከዚህ ዝም ብሎ ነበር። እርሱ ቀለምን የሚለካው መንገድ ተሻግሮ ቆሞ ነው፤ ከማዶ ካልተነበበ ታፔላ አይደለም። በነጭ ላይ በቢጫ ጻፍልኝ የሚል ደንበኛ ሲመጣበት ቀብድ ከመቀበሉ በፊት እንደሚመልሰው ነገረን። ልጁ «ይህ የዓይን ነገር ነው፣ ሁሉም ሰው እንደየምርጫው ነው» አለ። ምርጫው የሰው ቢሆንም ልኩ ግን ቁጥር አለው። የድረ ገጽን ደረጃ የሚያወጣው ደብልዩ ስሪ ሲ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ ለተለመደው ጽሑፍ በፊደሉና በመደቡ መካከል ያለው የብርሃን ንጽጽር ቢያንስ 4.5 ለ1፣ ለትልቅ ፊደል 3 ለ1 መሆን አለበት፤ መመሪያው ለድረ ገጽ ይውጣ እንጂ የዴስክቶፕ ፕሮግራም ሠሪዎችም የሚለኩት በእርሱ ነው። ጥቁር በነጭ ላይ 21 ለ1 ነው። ቢጫ በነጭ ላይ 1.07 ለ1 ብቻ ነው፤ ታፔላ ጸሐፊው ያለ ስሌት የደረሰበት ይህ ነው። ግራጫ በነጭ ላይ ሲጻፍ ሦስቱም ቁጥሮች 118 ቢሆኑ ያልፋል፣ 119 ቢሆኑ ይወድቃል። እንዲህ ጠርዙ እስኪታወቅ ድረስ የተለካን ነገር «እንደየምርጫው» ብሎ መዝጋት ሳይማሩ መጠምጠም ካልሆነ ምን ይሆናል? ለፍርድ ያህል ልናገርና፣ የልጁ ወርቃማ ፊደል በጥቁሩ ላይ በዚህ ልኬት በደንብ ያልፋል፤ የወደቀው ያ ግራጫ ቀን ነው። ዱቤ ቤት ውስጥ ደግሞ ከቀን የሚበልጥ ነገር የለም።

በመጨረሻ ልጁ ያወጣው ካርታ ቀይና አረንጓዴ ነበር። ያልተከፈለ ዱቤ ቀይ፣ የተከፈለ አረንጓዴ፤ «የትራፊክ መብራት እንኳ እንዲሁ አይደል?» አለ። አይደለም። የትራፊክ መብራት ቦታም አለው፤ ቀዩ ከላይ፣ አረንጓዴው ከታች ነው፤ ቀለሙን የማይለይ ሾፌር በቦታው ይለየዋል። ቀይና አረንጓዴን መለየት የሚቸግራቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም፤ የአውሮፓ ዝርያ ካላቸው ወንዶች መካከል ከ12 አንዱ እንዲህ ነው ይባላል፣ ከሴቶቹ ግን ከ200 አንዷ ናት። ለእነርሱ የልጁ ዝርዝር ሁሉም የከፈለበት ወይም ማንም ያልከፈለበት መዝገብ ነው። «ያልተከፈለ» የሚል ቃል አጠገቡ ቢጨመር ምን ይጎድላል ብለው ጡረተኛው ሲጠይቁት «ገጹን ያጨናንቀዋል» አላቸው። እርሳቸውም፣ «ልጄ፣ እኛ ዱቤ ስንጽፍ የነበረው በአንድ እስክሪብቶ ነው፤ አንድም ባለዕዳ አምልጦን አያውቅም» ካሉ በኋላ ተረታቸውን ለአራተኛ ጊዜ ደገሙት። እኔ መቁጠር የጀመርሁት ከሁለተኛው ነው።

ፍርዴን ከመጀመሪያው ያልሰማ ካለ አሁን ይስማ። የቀለሙ ባለቤት የሚያየው ሰው ነው እንጂ የሠራው አይደለም። ዳርክ ሞድን አልጠላም፤ በሌሊት ለሚሠራ፣ ነጭ ብርሃን ለሚወጋው ሰው ጥሩ ነው፤ ግን መራጩ እርሱ ይሁን። ዊንዶውስ 3.1 እ.ኤ.አ. በ1992 ሲወጣ ሆት ዶግ ስታንድ የሚባል ቀይና ቢጫ አሰላለፍ ነበረው፤ ከዚያ የከፋ አስቀያሚ ቀለም በኮምፒዩተር ላይ አላየሁም። ሆኖም የመረጠው ባለቤቱ ነበር፤ የመስኮቱን፣ የፊደሉን፣ የቁልፉን ቀለም አንድ በአንድ እያነሣ መቀየርም ይችል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ዊንዶውስ 8 ሲመጣ ያ ቀለም እየነጠሉ የመቀየሪያ ሰሌዳ ተነሣ፤ ከሃይ ኮንትራስቱ በቀር የቀረልን ከተዘጋጀው መምረጥ ነው። እንግዲህ ዓለሙ ወደዚህ ከሄደ የኛ ልጅ ከየት ይማር? ዙሪያውን ቢያይ የሚያየው መጠምጠሙን ነው። ፎቁ ፊቱ በመስታወት ይሸፈናል፤ ደረጃው ግን ለሽማግሌ እግር አይመችም። ቢሮው እንግዳ ሊመጣ ነው ሲባል ይቀባል፤ ከመስኮቱ በላይ የተለጠፈው የጉዳይ መመሪያ ግን በነጭ ላይ በቢጫ ነው። የሠርግ ካርዱ በወርቅ ቀለም ያብረቀርቃል፤ የአዳራሹ ስም የቱ ጋ እንዳለ ለማንበብ መነጽር ያስፈልጋል። ዱሮ ሰው ዕቃ ሲገዛ አገላብጦ ከሥሩ ያይ ነበር፤ ዛሬ ፎቶ አንሥቶ ይልካል። ልጁን ብቻ መውቀሴ ትክክል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ገዢው በዓይኑ እንደሚገዛ የነገረን እርሱ ነው፣ በዚህ በዚህስ አልዋሸም።

ሰኞ ዕለት በቀፊራ ሳልፍ ወደ መደብሩ ጎራ አልሁ። ሒሳብ ያዧ ማውዟን ይዛ መስመር በመስመር እየወረደች ነበር። ልጁ መጥቶ እንደሆነ ጠየቅኋት።

«መጥቶ ነበር» አለችኝ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሣ፤ «የመክፈቻውን ገጽ ወርቃማ አድርጎልን ሄደ።»