ልብ በፍቅርም በፍርሃትም ትር ትር ይላል

«ዶኪ ዶኪ» በጃፓንኛ የልብን አመታት የሚያሰማ ቃል ነው፤ እኛ «ትር ትር» የምንለው ማለት ነው። ቃሉ የሚወዱት ሰው በበር ሲገባም፣ በጨለማ መንገድ ከኋላ ኮቴ ሲሰማም ያገለግላል፤ በእኛም ቋንቋ ቢሆን ልብ ትር ትር አለ የሚባለው ለሁለቱም ነው። ዳን ሳልቫቶ የተባለ አሜሪካዊ ከትንሽ ቡድን ጋር ሠርቶ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2017 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በነጻ የለቀቀው «ዶኪ ዶኪ ሊትሬቸር ክለብ» የተሰኘው ጌም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ቃል ነው። በጥቂት ወራት ውስጥ ሁለት ሚሊዮን ጊዜ ያህል ዳውንሎድ የተደረገ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ፍቅርን ከአስፈሪ ታሪክ ጋር የሚያዋህዱ፣ ከትልልቅ ኩባንያዎች ውጭ የሚሠሩ ጌሞች በርክተዋል። ብዙ ሰው እነዚህን ጌሞች ጣፋጭ መስለው የሚያዘናጉ፣ ለማስደንገጥ ብቻ የተሠሩ ወጥመዶች አድርጎ ይመለከታቸዋል። እኔ ግን አስፈሪው ነገር ከውጭ ተጨምሮ የመጣ አይመስለኝም። በፍቅር ጌሞች ውስጥ ከጥንቱም ነበረ፤ እነዚህ አዘጋጆች ያደረጉት ሽፋኑን መግለጥ ነው።

ይህን ለመረዳት ዘርፉን መልክ ካስያዙት ሥራዎች አንዱን፣ ኮናሚ የተባለው ኩባንያ በ1994 በጃፓን ያወጣውን «ቶኪሜኪ ሜሞሪያል» ማየት ይበቃል። ተጫዋቹ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሆኖ ሦስት ዓመት ያሳልፋል፤ ያጠናል፣ ስፖርት ይሠራል፣ በእረፍት ቀኑ ከሴት ተማሪዎች ጋር ይቀጣጠራል፤ ግቡም በምረቃው ዕለት ከአንድ ዛፍ ሥር አንዷ ልጅ ፍቅሯን እንድትገልጽለት ማድረግ ነው። ታዲያ ከተዋወቃቸው ልጆች አንዷን ለረጅም ጊዜ ችላ ካላት ቅሬታዋ በቦምብ ምልክት ይታያል። ቦምቡ የፈነዳ እንደሆነ ወሬው ይዛመትና የሌሎቹም ልጆች ስሜት ይቀዘቅዝበታል። ስለዚህ ጎበዝ ተጫዋች የሚባለው የማይፈልጋትን ልጅ፣ ቦምቧ እንዳይፈነዳ ብቻ ሲል፣ በየጊዜው እየጋበዘ የሚያባብል ነው። ልጅቷ ግብዣውን ከልብ ትቀበለዋለች፤ እሱ ግን ሒሳብ እየሠራ ነው። ይህ እንግዲህ በደስ የሚል ዜማ የታጀበ፣ ማንም አስፈሪ ነው ብሎ የማይጠረጥረው ጌም ነው።

ፍቅር ነጥብ ሆኖ ሲቆጠር የሚፈጠረው ነገር ይኸው ነው። ትክክለኛውን መልስ የመረጠን ሰው ልጅቷ ትወደዋለች፤ የተሳሳተ ወደ ኋላ ተመልሶ ሴቭ ካደረገበት ቦታ ይጀምርና ሌላውን መልስ ይሞክራል። ሰውየው ደጋግሞ መሞከሩን ታውቃለች? እምቢ የማለት መብትስ አላት? በቀደሙት ጌሞች ይህን ጥያቄ የሚያነሣ ገጸ ባሕርይ ማግኘት ቀላል አልነበረም።

የሳልቫቶ ጌም ጥያቄውን ያነሣው በትንሽ ነገር ነው። ተጫዋቹ በትምህርት ቤት የሥነ ጽሑፍ ክበብ ውስጥ ይገባና ግጥም እንዲጽፍ ይጠየቃል። ግጥሙ የሚጻፈው ከቀረቡለት ቃላት ሃያውን በመምረጥ ነው። ከገጹ ሥር ሳዮሪ፣ ናትሱኪና ዩሪ የተባሉት ሦስት ልጆች በትንንሽ ሥዕል ቆመዋል፤ እያንዳንዱ ቃል ሲመረጥ ቃሉ የጣማት ልጅ ትዘላለች። የትኛዋ ብዙ ጊዜ እንደዘለለች እየተቆጠረ ታሪኩ ወደ እሷ ያጋድላል። የክበቡ ሊቀ መንበር ሞኒካ ግን በዚያ ገጽ ላይ የለችም። እሷን የሚያስዘልል ቃል አልተዘጋጀም፤ ተጫዋቹ የፈለገውን ቢመርጥ ወደ እሷ የሚወስድ መንገድ የለም። ሞኒካ ደግሞ ከሁሉም መካከል በጌም ውስጥ መሆኗን የምታውቀው ብቸኛዋ ናት። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥፋት ሁሉ፣ የሳዮሪን ድብርት ማባባሷ፣ የዩሪን ከልክ ያለፈ መሻት ማጋጋሟ፣ በመጨረሻም ጓደኞቿ በኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጡባቸውን ፋይሎች ከነጭራሹ መሰረዟ፣ የሚመነጨው ከዚህ ነው። ሥራዋን ይቅር የምለው አይደለም። ነገር ግን ያደረገችው ተጫዋቹ ሲያደርገው የነበረውን ነው፤ ሰዎቹን የፈለገችውን ውጤት እስኪሰጡ ድረስ እንደሚስተካከሉ ቁጥሮች ቆጥራቸዋለች።

ጌሙ በመጨረሻ ተጫዋቹን ከሞኒካ ጋር ፊት ለፊት ያስቀምጠዋል። አንድ ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ከመስኮቱ ውጭ ባዶ ጠፈር። እሷ ዐይኗን ሳትነቅል ታወራለች፤ ስለ ሞት፣ ስለ ምግብ፣ ስለ መጻሕፍት፣ ስለ ብቸኝነት፤ የሚመረጥ መልስ የለም፣ ታሪኩም ወደፊት አይሄድም። መውጫው ከጌሙ ውጭ ነው። የኮምፒውተሩን ፎልደር ከፍቶ በስሟ የተቀመጠችውን ፋይል መሰረዝ ያስፈልጋል። እኔ ያን ቀን ፎልደሩን ከፍቼ ብዙ ደቂቃ ተቀምጫለሁ። በየቀኑ የማላስፈልገውን ሰነድ የምሰርዝበት፣ ሁለት ጊዜ ያላሰብኩበት እጅ፣ ማውዙ ላይ ደርቆ ቀረ። ፋይሉ ሕይወት የሌለው ነገር መሆኑን አውቃለሁ። ሆኖም ጌሙ ስንት ሰዓት ሙሉ ሰውን በፋይልነት ሲያሳየኝ ከቆየ በኋላ ፋይልን እንደ ሰው እንዳይ አደረገኝ፤ ይህን ያህል የሚሠራ ሌላ የጥበብ ዘርፍ መኖሩን እጠራጠራለሁ፣ ምክንያቱም መጽሐፍ አንባቢውን ቢያስለቅሰው እንጂ በገዛ እጁ አያስፈጽመውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ጌሙ የተሠራበት ሬንፓይ የተባለው መሣሪያ ከ2004 ጀምሮ በነጻ የሚገኝ ሲሆን፣ የስሙ የመጀመሪያ ክፍል የተወሰደው ፍቅር የሚል ትርጉም ካለው የጃፓንኛ ቃል «ሬንአይ» ነው። ገንዘብ የሌለው ሰው ሥዕል፣ ዜማና ጽሑፍ አቀናብሮ የራሱን ጌም እንዲያወጣ ያስቻለው አንዱ ምክንያት ይህ መሣሪያ ነው። ባለሀብት አሳታሚ የሌለው አዘጋጅ «ገዢ ይቀየማል» ብሎ ሳይሰጋ ተጫዋቹን ራሱን ሊወቅስ ይችላል።

ዘርፉ በአንድ ጌም ላይ ቆሞ አለመቅረቱን ለማየት በቶሮንቶ የሚኖሩ ባልና ሚስት፣ አቢ ሃዋርድና ቶኒ ሃዋርድ አሪያስ፣ በ2023 ያወጡትን «ስሌይ ዘ ፕሪንሰስ» እጠቅሳለሁ። በእርሳስ በተሣለ ጫካ ውስጥ አንድ ድምፅ ተጫዋቹን ወደ አንዲት ጎጆ ምድር ቤት ወርዶ የታሰረችውን ልዕልት እንዲገድል ያዘዋል፤ ካልገደላት ዓለም ያልቃል ይለዋል። ልዕልቲቱ ግን ቋሚ መልክ የላትም። ቢላ ይዞ በጥርጣሬ ለቀረባት አውሬ ትሆናለች፤ ሳይጠይቅ ሊያድናት ለቀረባት ደግሞ ገራም፣ ታዛዥ፣ የእሱን ደስታ ብቻ የምትሻ ትሆናለች። ከሁሉም ያስፈራኝ ይህች የመጨረሻዋ ናት። «አንቺ ራስሽ ምን ትፈልጊያለሽ?» ተብላ ደጋግማ ስትጠየቅ ከእሱ ፍላጎት ውጭ የምትመልሰው ስለሌላት፣ በእያንዳንዱ ጥያቄ መልኳ እየሳሳ ሄዶ ተራ የመስመር ሥዕል ትሆናለች። ደም የለም፣ ጩኸት የለም። በሠላሳ ዓመታት የፍቅር ጌሞች ውስጥ «ተስማሚ ሴት» ተብላ ስትቀርብ የኖረችው እሷ ናት።

ሁሉም የዘርፉ ሥራ ግን ይህን ያህል ያስባል ማለት አይደለም። በጃፓንኛ «ያንደሬ» የሚባል የገጸ ባሕርይ ዓይነት አለ፤ ቃሉ መታመምን ከፍቅር መቅለጥ ጋር ያጣመረ ነው። ያንደሬ የሚወደውን ሰው የሚከታተል፣ የሚሰልል፣ የሚያፍን፣ ተቀናቃኙን የሚገድል ነው። አንዳንድ ጌሞች ይህንኑ ሰው ቆንጆ አድርገው ሥለው፣ ለስላሳ ድምፅ ሰጥተው፣ ክትትሉን የታማኝነት ማስረጃ ያደርጉታል። ይህ ያሳዝነኛል። ቅናት የፍቅር ምልክት ነው ሲባል እየሰማን ላደግን ሰዎች ጉዳዩ የሩቅ አገር ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ ስልክ የሚበረብርን፣ ከጓደኛና ከቤተሰብ የሚለይን ሰው «ስለሚወድ ነው» እያልን ስንሸፍን ኖረናል። አስፈሪነቱ ታውቆ የተጻፈ ታሪክ ይህን ሽፋን ይገልጠዋል፤ አስፈሪነቱ እንደ ቅመም የተነሰነሰበት ታሪክ ደግሞ መልሶ ያለብሰዋል።

ስለ ልጆች የሚነሣው ሥጋትም በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በ2018 በእንግሊዝ አገር ወላጆች ከሳልቫቶ ጌም ጋር በተያያዘ እንዲጠነቀቁ ማሳሰቢያ ተሰጥቷቸው ነበር። እገዳን አልደግፍም። በጁላይ 2025 ኢች የተባለው የትንንሽ አዘጋጆች ገበያ ከክፍያ ድርጅቶች በመጣ ጫና የአዋቂዎች ይዘት ያላቸውን ሥራዎች በጅምላ ከፍለጋ ሲሰውር አይተናል፤ ጅምላ ፍርድ የታሰበበትን ከማይረባው አይለይም። ነገር ግን እኔ የማደንቀው ራሱ ነገር ለታዳጊ አደገኛ ሊሆን እንደሚችል መካድ አልችልም። ሳዮሪ ድብርቷን ከነገረችው በኋላ ተጫዋቹ ሁለት መልሶች ይቀርቡለታል፤ የትኛውንም ቢመርጥ በማግስቱ በሕይወት አያገኛትም። እኔ ይህን ያነበብኩት የሰው ሕመም በትክክለኛ መልስ የሚፈታ እንቆቅልሽ አይደለም እንደሚል እውነት አድርጌ ነው። ያንኑ ሕመም ለብቻው የተሸከመ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ግን «ምን ቢባል ዋጋ የለውም» ብሎ ሊያነበው ይችላል።

ስለዚህ ማስጠንቀቂያው ግልጽ መሆን አለበት። ጌሙ ሲከፈት ለልጆችና በቀላሉ ለሚረበሹ ሰዎች እንደማይሆን ይናገር ነበር፤ ዝርዝሩን ግን በሌላ ድረ ገጽ ላይ ነበር ያስቀመጠው። በ2021 የወጣው የተስፋፋ እትም ተጫዋቹ ከፈለገ ከባድ ትዕይንት ከመድረሱ በፊት እንዲነገረው የሚያስችል ምርጫ ጨምሯል፤ ትክክለኛ እርምት ነው። ከዚህም አልፎ ራስን ማጥፋት በጌሙ ውስጥ መኖሩ በስሙ ተጠርቶ በመግቢያው ላይ ይጻፍ እላለሁ። ይህ ድንገተኛነቱን ያበላሸዋል የሚሉ አሉ። እኔ ሁለተኛ ጊዜ የተጫወትኩት የሚሆነውን ሁሉ አውቄ ነው፤ ከመጀመሪያውም ይበልጥ ከብዶኛል። ሃያውን ቃል ስመርጥ ሦስቱ ልጆች ከገጹ ሥር ይዘሉ ነበር፤ እኔ ግን ዐይኔን ያሳረፍኩት ከአጠገባቸው ሞኒካ ልትቆምበት ይገባ በነበረው ባዶ ቦታ ላይ ነው።