ኦቫሪው ወጥቷል ወይስ ቀርቷል?

አዲስ አበባም ሆነ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ማህፀኗ በኦፕራሲዮን ለወጣ ሴት የሚቀርበው ጥያቄ ስለ ቁስሉ ነው። አገር ቤት አጥሚቱና ገንፎው አይቋረጥም፣ ጎረቤት ከባድ ነገር እንዳታነሳ ይጠብቃታል። አሜሪካ ብዙዎች በማግስቱ ከሆስፒታል ወጥተው ሳምንታቱን ብቻቸውን ያሳልፋሉ። ቁስሉ ሁለቱም ዘንድ ይድናል። ሁለቱም ዘንድ የሚዘነጋው ግን ኦቫሪዎቿ (እንቁላልና የሴት ሆርሞን የሚያመነጩት) አብረው ወጥተው እንደሆነ መጠየቅ ነው።

ማህፀን ብቻውን ሲወጣ የወር አበባ ይቆማል እንጂ ኦቫሪዎቹ ሆርሞን መሥራታቸውን አያቆሙም። ሁለቱም ከወጡ ኤስትሮጅን የሚባለው ዋናው የሴት ሆርሞን በቀናት ውስጥ ይወርዳል። በተፈጥሮ ማረጥ በአማካይ በ51 ዓመት አካባቢ ቀስ እያለ ይመጣል። ይኼኛው በ38 ዓመቷም ቢሆን በአንድ ጊዜ ይወርድባታል፦ ፊትና አንገት ላይ ድንገት የሚነድ ሙቀት፣ አንሶላ የሚያርስ ላብ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የብልት መድረቅ፣ ሆደ ባሻነት። አገር ቤት ታይፎይድ ወይም ወባ ተብሎ ይመረመራል፣ ምች ነው ተብሎ ዳማከሴ ይታሻል። አሜሪካም የድብርት ክኒን ብቻ ይዛ የምትመለስ አለች።

ስለዚህ የኦፕራሲዮኑ ማስታወሻና የባዮፕሲው (የወጣው አካል የላቦራቶሪ ምርመራ) ውጤት ቅጂ ከእጇ መጥፋት የለበትም። አሜሪካ ከሆስፒታሉ የኢንተርኔት መዝገብ ይወርዳል። አገር ቤት ካርዱ እዚያው ስለሚቀር ከመውጣቷ በፊት ፎቶ ኮፒ ትጠይቅ። የሚታየው ይህ ነው፦ ስንት ኦቫሪ ወጣ? የማህፀን አንገት ቀርቷል? ካንሰር ወይም ኢንዶሜትሪዮሲስ (የማህፀን ውስጠኛ ግድግዳ የሚመስል ሥጋ ከማህፀን ውጭ መብቀል) ተገኝቷል? ሕክምናው የሚወሰነው በእነዚህ መልሶች ነው።

የሚከለክል ነገር ከሌለ፣ ያለ ዕድሜዋ ያረጠች ሴት ቢያንስ እስከ 51 ዓመት ገደማ ኤስትሮጅን እንድትወስድ ይመከራል። ለሙቀቱ ብቻ አይደለም፤ አጥንትና ልብም ያለ ኤስትሮጅን ቀድመው ይጎዳሉ። ብዙዎችን የሚያስፈራው በ2002 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተቋረጠው ትልቅ ጥናት ነው። ያኔ የጡት ካንሰር የጨመረው ማህፀን ኖሯቸው ኤስትሮጅንን ከፕሮጄስቲን (ሰው ሠራሽ ፕሮጄስትሮን) ጋር በወሰዱት ላይ ነበር፤ የተሳታፊዎቹ አማካይ ዕድሜም 63 ነበር። ማህፀናቸው ወጥቶ ኤስትሮጅን ብቻ የወሰዱት ላይ የጡት ካንሰር አልጨመረም፣ ስትሮክ ግን ጨምሯል። የ40 ዓመቷን ሴት በዚህ ብቻ መከልከል በደል ነው።

በቆዳ የሚለጠፈው የኤስትሮጅን ፓች በጉበት በኩል ስለማያልፍ ደም የማርጋት ስጋቱ ከክኒን ያነሰ ነው። ወጣቶች ብዙውን ጊዜ በቀን 0.1 ሚሊግራም የሚለቀው ያስፈልጋቸዋል፤ 0.05 ለብዙዎቹ አይበቃም። ከእምብርት በታች ወይም መቀመጫ ላይ ይለጠፋል፣ ጡት ላይ በፍጹም። ቫዝሊን ወይም ቅባት የነካው ቆዳ አይዝም፤ ደረቅ ቦታ ላይ አድርጎ 10 ሰከንድ በመዳፍ መጫን፣ ቦታውንም መቀያየር ነው። በሳምንት ሁለቴ የሚቀየረውን አንዷ ቀን ብታሳልፈው ሙቀቱ ይመለሳል። መጠኑ አልሠራም ከማለት በፊት ከ6 እስከ 8 ሳምንት መጠበቅ ያሻል። ጡት ማበጥና ማቅለሽለሽ ከበዛ በዝቷል ማለት ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ሻንጣው። ፓች አገር ቤት እንደ ልብ ስለማይገኝ ከአሜሪካ በሻንጣ ይላካል፤ ደግነቱ የሚያስመሰግን ነው፣ አደጋም አለው። ማህፀኗ ያልወጣ እህት "ለሙቀት ጥሩ ነው" ተብላ ኤስትሮጅን ብቻ ከተጠቀመች የማህፀኗ ግድግዳ ይወፍራል፣ ወደ ካንሰርም ሊያመራ ይችላል፤ ለእሷ ፕሮጄስትሮን የግድ ነው። ፓች ከ25 ዲግሪ በላይ ሙቀት ውስጥ አይቀመጥም፣ ከማሸጊያውም ቀድሞ አይወጣም። ላኪዋም የሚቀጥለውን ሳታዘጋጅ አንድ ካርቶን ብቻ ባትልክ ይሻላል፤ ሲያልቅ ሁሉም በቀናት ይመለሳል።

ፓች ሲጠፋ ሐኪም ለወጣቷ የእርግዝና መከላከያ ክኒን ሊያዝ ይችላል። እዚህ ላይ የሚሳሳቱት የመጨረሻዎቹን 7 የብረት ክኒኖች መዋጣቸው ነው፤ በእነሱ ውስጥ ሆርሞን የለም፣ ሳምንቱን በላብ ያሳልፋሉ። ንቁዎቹን ብቻ እያከታተሉ መውሰድ ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን መጠየቅ ነው። ደም ግፊት፣ ከራስ ምታቱ በፊት ብልጭታ የሚታይበት ማይግሬን ወይም የደም መርጋት ታሪክ ካለ ክኒኑ አይሆንም።

የጡት ካንሰር ለነበረባት ኤስትሮጅን አይሰጥም። ሆርሞን ያልሆኑት ቬንላፋክሲን ወይም ማታ የሚወሰድ ጋባፔንቲን ሙቀቱን ይቀንሳሉ። ጿሚዋ ወተት ለረጅም ጊዜ ስለማትቀምስ ካልሲየሟን ከሰሊጥ፣ ከጎመን፣ ካልበቃም ከክኒን ታሟላ።

የብልት መድረቅና በግንኙነት ጊዜ የሚሰማው ሕመም በሁለቱም አገር አይነገርም፤ አሜሪካ ደግሞ ልጇ ካስተረጎመላት ጨርሶ አይነሳም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ 10 ማይክሮግራም በብልት የሚገባ ኤስትራዲዮል (የኤስትሮጅን ዓይነት)፣ ሁለት ሳምንት በየቀኑ፣ ከዚያ በሳምንት ሁለቴ። የአሜሪካ ሆስፒታሎች ነፃ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ ስላለባቸው ቀጠሮ ስትይዝ "ሴት አስተርጓሚ" ብላ ታስመዝግብ።