ሊቢያ፦ ኦባማ ባወገዙት አስተሳሰብ የተሸነፉበት ጦርነት

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2002 በቺካጎ በተካሄደ የፀረ ጦርነት ሰልፍ ላይ፣ ያን ጊዜ ገና የኢሊኖይ ክፍለ ግዛት ምክር ቤት አባል የነበሩት ባራክ ኦባማ ሊመጣ ያለውን የኢራቅ ወረራ ሲያወግዙ የቡሽን መንግሥት ሰዎች በስም ጠርተዋል፤ ከእነርሱም መካከል የፔንታጎን አማካሪውን ሪቻርድ ፐርልንና ምክትል የመከላከያ ሚኒስትሩን ፖል ዎልፎዊትዝን። እነዚህ ሰዎች የራሳቸውን ርዕዮተ ዓለም በአሜሪካ ሕዝብ ላይ በግድ ሊጭኑ ነው ሲሉ ከሰሷቸው። በፌብሩዋሪ 2011 ግን እኒያው ዎልፎዊትዝ፣ ከወግ አጥባቂው መጽሔት አዘጋጅ ከቢል ክሪስቶልና የቡሽ አማካሪ ከነበሩት ከኤሊየት ኤብራምስ ጋር ሆነው፣ ሕዝባዊ አመፅን በኃይል በሚያፍነው የሊቢያው መሪ የሙአመር ጋዳፊ መንግሥት ላይ ፕሬዚዳንት ኦባማ እርምጃ እንዲወስዱ የሚጠይቅ ግልጽ ደብዳቤ ፈረሙ። ወር ሳይሞላም የአሜሪካ ሚሳኤሎች በትሪፖሊና በምስራታ ዙሪያ መውደቅ ጀመሩ።

ደብዳቤው ፕሬዚዳንቱን አዘዛቸው ማለቴ አይደለም። በዋይት ሀውስ ውስጥ ጣልቃ ገብነቱን አጥብቀው የደገፉት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሯ ሂላሪ ክሊንተን፣ በተባበሩት መንግሥታት የአሜሪካ አምባሳደር ሱዛን ራይስና የፕሬዚዳንቱ አማካሪ ሳማንታ ፓወር ነበሩ፤ ሦስቱንም ኒዮኮን (አዲስ ወግ አጥባቂ) የሚላቸው የለም። በአንጻሩ ከቡሽ መንግሥት የተወረሱት የመከላከያ ሚኒስትር ሮበርት ጌትስ ጦርነቱን ተቃውመዋል። ሥልጣን ላይ ያልነበሩ ሰዎች የፈለጉት ነገር በባላንጣዎቻቸው እጅ እንዴት ሊፈጸም እንደቻለ የሚያስረዳን የስም ዝርዝር ሳይሆን የሐሳቡ ጉዞ ነው።

ኒዮኮን በሚል አጭር መጠሪያ የሚታወቁት አዲስ ወግ አጥባቂዎች የአሜሪካ የጦር ኃይል የሌላውን አገር ሥርዓት ለማፍረስም ሆነ ለመተካት ይችላል፣ ደግሞም ይገባዋል ብለው የሚያምኑ ናቸው። በሊበራል ፕሬዚዳንት ላይ ተጽዕኖ ሲያሳድሩ ሊቢያ የመጀመሪያቸው አይደለችም። በጃንዋሪ 1998 ዎልፎዊትዝን፣ ክሪስቶልንና በኋላ የቡሽ መከላከያ ሚኒስትር የሆኑትን ዶናልድ ራምስፌልድን ጨምሮ 18 ሰዎች ሳዳም ሁሴን ከሥልጣን እንዲወገዱ ለቢል ክሊንተን ጻፉ። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ክሊንተን የኢራቅን ነጻ ማውጣት ሕግ ፈረሙ፤ ሕጉ ለሳዳም ተቃዋሚዎች እስከ 97 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ወታደራዊ ድጋፍ የሚፈቅድ ነበር። ክሊንተን ወረራ አላወጁም። ሆኖም የኢራቅን መንግሥት መለወጥ የአሜሪካ ይፋዊ ፖሊሲ የሆነው በእርሳቸው ፊርማ ነው፤ ኮንግረስ በ2002 ለቡሽ የጦርነት ፈቃድ ሲሰጥም ይህንኑ ሕግ ጠቅሷል። ሐሳቡን አንዱ ጽፎት፣ ሁለተኛው ሕግ አድርጎት፣ ሦስተኛው ጦር አዘመተበት።

በኦባማ ዘመን መንገዱ ከዚህም የቀለለ ነበር። የቡሽ ምክትል ፕሬዚዳንት የዲክ ቼኒ የውጭ ጉዳይ ምክትል አማካሪ ሆነው የሠሩት ቪክቶሪያ ኑላንድ በ2011 የሂላሪ ክሊንተን መሥሪያ ቤት ቃል አቀባይ ሆኑ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም የአውሮፓን ጉዳይ ያዙ። ባለቤታቸው ሮበርት ኬገን፣ የ1998ቱ ደብዳቤ ፈራሚ፣ በ2012 የአሜሪካ ኃይል አልቀነሰም የሚል ጽሑፍ ሲያወጡ ኦባማ በአድናቆት አነሡት። በዚያው ዓመት ኬገን የኦባማ ተፎካካሪ የሚት ሮምኒ አማካሪ ነበሩ። ምርጫውን ማንም ቢያሸንፍ ሐሳባቸው ወደ ቤተ መንግሥት የሚገባበት በር አላጣም ማለት ነው።

ለእኔ ዋናው ነገር የሁለቱ ወገኖች ልዩነት ከሚመስለው በታች መሆኑ ነው። ሊበራሉ ጣልቃ ገብ ሲቪሎችን ከጭፍጨፋ ማዳን ይላል፤ የጸጥታውን ምክር ቤት ፈቃድም ይፈልጋል። ኒዮኮኑ ለፈቃዱ ግድ የለውም። ቦምቡ ወድቆ የተሻለ ሥርዓት ይበቅላል የሚለውን እምነት ግን ሁለቱም ይጋሩታል። ማርች 28 ቀን 2011 ኦባማ ባደረጉት ንግግር የዘመቻውን ዓላማ ወደ መንግሥት ለውጥ ማስፋት ስህተት እንደሚሆን ተናገሩ፤ ክሪስቶልም ንግግሩን በአደባባይ አወደሱ። በኤፕሪል አጋማሽ ደግሞ ኦባማ ከብሪታንያው ጠቅላይ ሚኒስትር ከካሜሮንና ከፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ከሳርኮዚ ጋር በጋራ ባወጡት ጽሑፍ ጋዳፊ በሥልጣን ላይ እያሉ ዘመቻው እንደማይቆም አስታወቁ። ከስህተትነት ወደ ዓላማነት ለመሻገር ሦስት ሳምንት አልፈጀም።

ያን ጊዜ አዲስ አበባ ላይ ሌላ ሰነድ ነበር። የአፍሪካ ኅብረት የሰላምና ጸጥታ ምክር ቤት ማርች 10 ቀን ባደረገው ስብሰባ የውጭ ወታደራዊ ጣልቃ ገብነትን ተቃውሞ፣ ተኩስ እንዲቆም፣ እርዳታ እንዲገባ፣ በሊቢያ ያሉ አፍሪካውያን ስደተኞች እንዲጠበቁና ንግግር እንዲጀመር የሚጠይቅ ፍኖተ ካርታ አወጣ። ደቡብ አፍሪካ፣ ዩጋንዳ፣ ማሊ፣ ሞሪታንያና ኮንጎ ብራዛቪል ያሉበት ኮሚቴ ማርች 20 ወደ ትሪፖሊ ሊበር ተዘጋጅቶ ሳለ፣ ቦምቡ በዋዜማው ጀመረ። ኮሚቴው ሊቢያ መግባት የቻለው ሦስት ሳምንት ዘግይቶ ነው። ጋዳፊ እቅዱን ተቀበሉ ተባለ፤ የቤንጋዚ አማፅያን ግን፣ ሰማዩን ኔቶ ይዞላቸው ሳለ፣ ሳይቀበሉት ቀሩ። እውነቱን ለመናገር የአፍሪካም ድምፅ አንድ አልነበረም፤ ደቡብ አፍሪካ፣ ናይጄሪያና ጋቦን በጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ ቁጥር 1973ን ደግፈው ድምፅ ሰጥተዋል። ሲቪሎችን መጠበቅን ፈቀዱ እንጂ መንግሥት መገልበጥን አልፈቀዱም።

ከፍኖተ ካርታው ነጥቦች ውስጥ ስደተኞችን የሚመለከተውን ሳነብ ሁልጊዜ ቂርቆስ ትዝ ይለኛል። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ አይኤስ የተባለው ቡድን በሊቢያ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖችን፣ ከፊሎቹን በባሕር ዳርቻ አንገታቸውን ቀልቶ፣ ከፊሎቹን በበረሃ በጥይት ገድሎ በቪዲዮ ሲያሳይ፣ በቂርቆስ ሰፈር ቤተሰብ የልጁን ሞት የተረዳው መልኩን በስልክ መስታወት ላይ አይቶ ነው። ድንኳኑ ተተከለ፤ የሚቀበር አስከሬን ግን አልነበረም። እንጀራ ፍለጋ የወጡ ልጆች ናቸው። የገደላቸው አይኤስ ነው፤ ሌላ ተጠያቂ አልፈልግለትም። አይኤስ ሰርት የተባለችውን የሊቢያ ከተማ ይዞ ሊያስተዳድር የበቃው ግን በ2011 የፈረሰው መንግሥት ቦታ ባዶ ስለቀረ ነው።

ኦባማ በ2016 በሊቢያ ጉዳይ ተጠይቀው፣ ከጋዳፊ ማግስት ምን እንደሚደረግ አለማቀዳቸው የፕሬዚዳንትነት ዘመናቸው ከባዱ ስህተት ሳይሆን እንዳልቀረ አመኑ፤ ጣልቃ መግባቱ በራሱ ግን ትክክል ነበር አሉ። ኑዛዜው ከልብ እንደሆነ አልጠራጠርም። ይሁንና የኢራቅን ጦርነት የደገፉ ኒዮኮኖችም ስለ ኢራቅ የሚያቀርቡት መከራከሪያ ይኸው ነው፤ ሐሳቡ ልክ ነበር፣ የጎደለው የማግስቱ እቅድ ነው ይላሉ። በማርች 2011 ለመብረር ተዘጋጅቶ የነበረው የአምስቱ አገሮች ኮሚቴ በኦባማም ኑዛዜ ውስጥ ቦታ አላገኘም።